ፈቃጁም ተጠቃሚውም ወላጅ ሲሆን

አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በቲክቶክ፣ በኢንስታግራም፣ በዩቲዩብና በመሰሎቻቸው ላይ የራሳቸው አካውንት እንዳይኖራቸው የሚከለክለውን ሕግ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ሕጉን የጣሰ ኩባንያ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊቀጣ ይችላል። እዚህ ሜልበርን ብዙ ወላጅ እፎይ ብሏል። የተዘጋው በር ግን አንዱ ብቻ ነው። የ6 ዓመት ልጅ አካውንት መክፈት አትችልም፤ በእናቷ ቻናል ላይ ግን ከእንቅልፏ ስትነሳ፣ ስታኮርፍ፣ ሲያተኩሳት ሳይቀር በሺህ የሚቆጠር ሰው ሊያያት፣ ከማስታወቂያውም ገንዘብ ሊገኝባት ይችላል። ሕጉ ልጅቷን ከኩባንያዎቹ ጠበቃት፤ የእናቷን ፈቃድ ግን አልነካም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ፈቃድ ነው። ወላጅ በልጁ ፈንታ የመወሰን ሥልጣኑን ከየት አገኘው? ሲያስከትብ፣ ትምህርት ቤት ሲያስገባ ልጁን አያስፈቅድም፤ እኛም ትክክል ነው እንላለን። ከወላጅ የበለጠ ለልጁ የሚያስብ ሰው አይገኝም ብለን ስለምናምን ነው። ሥልጣኑ የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው። ውሳኔው ለወሳኙ ገንዘብ የሚያስገኝ ሲሆን ግን መሠረቱ ይናጋል። የሙት ልጅን ርስት የሚያስተዳድር ሞግዚት ርስቱን ለራሱ ልግዛ ቢል፣ ደግ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ሌላ ዳኛ መሃል ይግባ እንላለን። ወላጅም ልጁን እየወደደ፣ ጥቅሙ ዓይኑን ሊጋርደው ይችላል።

ይህን ሆሊውድ ቀድሞ አይቶታል። ጃኪ ኩጋን በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር ፊልም ሠርቶ በዓለም የታወቀ ሕፃን ነበር። አድጎ ገንዘቡን ሲጠይቅ አብዛኛው ጠፍቷል፤ በ1938 እናቱንና እንጀራ አባቱን ከሰሰ። ካሊፎርኒያ በማግሥቱ ዓመት ከሕፃናት ተዋንያን ገቢ የተወሰነው እንዲቀመጥላቸው የሚያዝ ሕግ አወጣች፤ ይኸው ጥበቃ በኢንተርኔት ቪዲዮ ለሚሠሩ ልጆች የተዘረጋው ግን ገና በ2024 ነው። እኛ ያለንበት ቪክቶሪያም ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ ለፊልም ወይም ለማስታወቂያ የሚያሠራ ድርጅት ፈቃድ እንዲያወጣ ታስገድዳለች፤ የሥራና የዕረፍት ሰዓቱ ሳይቀር በደንብ ተወስኗል። ሳሎን ውስጥ ካሜራውን የያዘው አባት ሲሆን ግን ሰዓት የሚቆጥር የለም።

ልጅ ቤተሰቡን ማገዙ ምን ነውር አለው? የሚል ይኖራል። ነውር የለውም። ፉትስክሬይ ውስጥ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በአንዱ ከትምህርት ቤት መልስ ማንኪያና ሹካ የሚያቀራርብ ልጅ ሲያጋጥመኝ ደስ ይለኛል። እዚያ የሚሸጠው ጥብሱና ሽሮው ነው፤ ልጁ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ከራሱ የቀረበት ነገር የለም። በቪዲዮው ግን የሚሸጠው ልጁ ራሱ ነው። ሳንሻይን ውስጥ አንድ ልደት ላይ ልጅቷ ሻማውን እፍ ስትል ስልኩ ስላልቀዳው እንደገና ተለኮሰ። ደግማ እፍ አለች፤ ፈገግታዋ አላማረም ተባለና ሦስተኛ ተለኮሰ። በሦስተኛው ሻማውን አላየችም፤ ዓይኗ ስልኩ ላይ ነበር። ልደቱ የእሷ መሆኑ የቀረው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆኤል ፋይንበርግ በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ልጅ አድጎ ራሱ የሚጠቀምባቸው፣ እስከዚያ ግን በአደራ የሚቀመጡለት መብቶች አሉ ይላል። ሃይማኖቱንና የትዳር ጓደኛውን መምረጥ ከነዚህ ይቆጠራሉ። እኔ አንድ እጨምራለሁ፤ ሰው ስለ እሱ ምን እንደሚያውቅ ራሱ የመወሰን መብት። አልጋው ላይ መሽናቱን፣ ተቆጥቶ ማልቀሱን መላው ከተማ አስቀድሞ ያየበት ልጅ፣ በ15 ዓመቱ አዲስ ክፍል ሲገባ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ዕድል ተወስዶበታል። ለዚህ ነው ገንዘቡን በስሙ ባንክ ማስገባት ብቻ የማያጠግበኝ። ፈረንሳይ በ2020 ያወጣችው ሕግ ሁለቱንም ይዟል፤ ገቢው ለልጁ እንዲጠራቀምለትም፣ ልጁ ራሱ ምስሉ እንዲጠፋለት መጠየቅ እንዲችልም።

ጉዳዩ የፈረንጅ ጭንቀት ነው የሚል ካለ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን አንቀጽ 27 ያንብብ። የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም ይላል። ከሕጉም በፊት አያቶቻችን አራስን ከእንግዳ ዓይን ይጋርዱ፣ ሕፃኑ አምሮ ሲታይ ዓይን እንዳይበላው ይሰጉ ነበር። ቡዳን የማያምንም ቢሆን የልጅ ውበት ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዳልሆነ ከእነሱ ሊማር ይችላል።

ከምሰማው መከራከሪያ ሁሉ የሚከብደኝ አንዲት የዚሁ ከተማ እናት የነገረችኝ ነው። «ልጄ አማርኛ ሲያወራ ያዩት ሌሎች ልጆች ይበረታታሉ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እዚህ ተወልዶ ቋንቋውን የሚያቀላጥፍ ልጅ ማየት ለብዙ ቤት ተስፋ ነው። ጎንደር ያሉት አያት እንዲያዩት ከሆነ ግን ለቤተሰብ ብቻ መላክ ይበቃል። ለሌሎች ልጆች ማስተማሪያ ከሆነ ደግሞ መንገዱን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የኢትዮጵያ የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ካሳየን ቆይቷል። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ፀሐይን በአሻንጉሊት ቀጭኔ አድርገው ሠሯት፤ ድምፁን ብሩክታዊት ሰጠች። በዚያ ፕሮግራም ስንት ሕፃን ፊደልና ንጽሕና ተማረ፤ የዋና ገጸ ባሕርይዋን ዝና ለመሸከም ግን የማንም ልጅ ፊት አላስፈለገም። እናትየዋም የራሷን ድምፅና እጅ ይዛ ማስተማር ትችላለች። ቀድሞ የወጣውን ቪዲዮ ለማንሳትም ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለባትም፤ ቻናሉ በስሟ ነው፣ ዛሬ ማታ ልታነሳው ትችላለች።