ስለ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት

አንድ ቃል ብዙ ፍች ሲኖረው ተርጓሚውን ያስቸግራል፤ ከተርጓሚው ይልቅ ዳኛውን የሚያስቸግርበትም ጊዜ አለ። እንግሊዞች «ራይት» በሚሉት ቃል ቀኝ እጅም፥ የቀና መልስም፥ መብትም ይጠሩበታል። «ጀስት» ደግሞ ፍርድ የማያዛባውን ሰው ያመለክትና በሌላ ስፍራ «ብቻ»፥ ወይም «ገና አሁን» ማለት ይሆናል። ስለዚህ ተማሪ «ጀስት» የተባለውን ዳኛ «ዳኛ ብቻ» ብሎ ቢተረጉመው አንስቅበትም።

በእኛ ቋንቋ «ትክክል» እና «መብት» ዘመዳሞች አይደሉም። ትክክል ከመተካከል የወጣ ስለ ሆነ የሚተካከሉ ሁለት ወገኖችን ይሻል። መብት ግን «ፈቀደ» ከሚለው ከግዕዙ «አብሐ» ጋር ይዛመዳል፤ የተፈቀደለትም ሰው ብቻውን ሊይዘው ይችላል።

ይህ የመዝገበ ቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፥ በደቡብ ወሎ በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለውን የቦረናን ተዳፋት እንመልከት። በክረምት የላይኛው ገበሬ ውሃ እንዳይተኛበት በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል። ይዞታው ነውና መብት አለው። ውሃው ግን ቁልቁል ወርዶ የታችኛውን ጎረቤት ጤፍ ይጠርጋል፤ እያደርም አፈሩን ቦርቡሮ ወደ ዓባይ ይዞት ይሄዳል። ሁለቱ በእንግሊዝኛ ቢሟገቱ፥ አንደኛው «ራይት አለኝ» ሲል ሌላው «ራይት አይደለም» ይለዋል፤ ሁለቱም በአንዱ ቃል እውነት ይናገራሉ። በአማርኛ ሲሟገቱ ግን የላይኛው «መብት አለኝ» ማለቱ «ትክክል አይደለም» ለተባለው መልስ እንዳልሆነ ወዲያው ይታወቃል።

የእንግሊዝኛውንም ልማድ ፈጽመን አንነቅፍም። መብትን በቀና ነገር ስም መጥራት ባለመብቱ ቀንቶ እንዲሄድ ያሳስበው ይሆናል። እኛ የምንፈራው፥ ስሙ አንድ ስለ ሆነ ግብሩም አንድ ነው ብሎ እንዳይዘናጋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለቱን አለያይቷቸዋል፤ በቁጥር 1225 ባለሀብቱ በመሬቱ ሲሠራ ጎረቤቱን ከማወክና ከመጉዳት እንዲጠበቅ ያዛል። ሕጉ መብቱን አልነሣውም፤ ጎረቤት እንዳለው ግን አስታወሰው።

የላይኛው ገበሬ በሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ «እኔ የለቀቅሁት ውሃ ብቻ ነው» ቢል፥ እንግሊዛዊው ለዚህ «ብቻ» ያንኑ የፍትሕ ቃል፥ «ጀስት»ን፥ ያውሰዋል። ሽማግሌዎቹ ግን የሄደውን አፈር ማን እንደሚመልሰው ሳይጠይቁት አይቀሩም።