ያልተጠየቀ እውነት

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለእህቷ ልጅ ሠርግ ስጦታ የሚሆን ቀለበት ገዛች። ፈርጡ ጥቁር ኦፓል ነው፤ ዘወር ባደረጉት ቁጥር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እየተፈራረቀ የሚንቦገቦግ። «የወሎ ነው» ተብላ፣ ጠቀም ያለ ብር ከፍላ ነው የወሰደችው። ታዲያ ሠርጉ ሳይደርስ «እስቲ አንድ ቀን ላጊጥበት» ብላ አጠለቀችውና እንዳጠለቀችው ዕቃ ስታጥብ ዋለች። ማታ ስታየው ያ ሁሉ ቀለም የለም! ፈርጡ ጥቁር ጠርሙስ መስሏል።

«ጠርሙስ ሸጡልኝ!» ብላ በማግስቱ ወደ ሱቁ ስትገሰግስ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ባለሱቁ አልደነገጠም። «እትዬ፣ አይጨነቁ፤ ውሃ ጠጥቶ ነው። ሲደርቅ ይመለሳል» አላት። እውነቱን ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀለሙ ተመለሰ። ግን ጥርጣሬ አንዴ ከገባ መች በቀላሉ ይወጣል? ቀለበቷን ይዛ የከበሩ ድንጋዮችን ወደሚመረምር ባለሙያ ሄደች። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ አገላብጦ አየና «ኦፓሉ እውነተኛ ኦፓል ነው። ጥቁረቱ ግን የጭስ ነው» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኦፓል ውስጥ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ እንክብሎች፣ ጉልት ላይ እንደተደረደረ ብርቱካን፣ ረድፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ብርሃን በረድፎቹ መካከል ሲያልፍ ወደየቀለሙ ይለያያል። በ2000 ዓ.ም. ደላንታ ውስጥ፣ በወገልጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ደግሞ በአብዛኛው እንደ ሸክላ እንስራ ውሃ ይመጥጣል። ውሃ ሲሞላው ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህ ባሕርዩ ነው። ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳ ግን ሌላም ነገር ያስገባል። ድንጋዩን በወረቀት ጠቅልለው ሲያግሉት ወረቀቱ ያርርና ጥላሸቱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ነጣ ያለው ድንጋይ ይጠቁራል፤ በጥቁር መደብ ላይ ደግሞ ህብረ ቀለሙ ይጎላል። በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ኦፓል ብርቅ ስለሆነ ዋጋው ውድ ነው። ባለሙያው በማጉያው ሥር የሚፈልገው እነዚያን ከገጹ አጠገብ የተከማቹ የጥላሸት ነጠብጣቦች ነው።

ልብ በሉ! ባልደረባዬ ሐሰት ነው ብላ የደነገጠችበት የድንጋዩ እውነተኛ ባሕርይ ነበር። እውነት ነው ብላ የወደደችው ጥቁረት ደግሞ ሰው የሠራው ሆኖ ተገኘ።

ተመልሰን ሄድን። ባለሱቁ አሁንም አልደነገጠም። «እኔ ምን ዋሸሁ? የወሎ ኦፓል ነው አልኩ፤ የወሎ ኦፓል ነው። ጭስ ገብቶበታል ወይ ብለው መች ጠየቁኝ?» አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለጊዜው የምመልሰው አጣሁ። ያልተጠየቁትን እውነት አለመናገር ውሸት ነው እንዴ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ለልጁ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ አንስቶታል። በረሃብ ወደተመታችው የሮድስ ደሴት አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን እሱ ያውቃል፤ የደሴቱ ሰዎች አያውቁም። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋን «ሕጉ የሚያዘውን ጉድለት ከተናገረና ካላጭበረበረ ይበቃዋል» ባይ ነው። ተማሪው አንቲጳጥሮስ ደግሞ «የለም፣ ገዢው ማወቅ ያለበትን ሁሉ ይንገረው» ይላል። ሲሴሮ የተማሪውን ወገን ያዘ። ዝም ማለት ሁሉ መደበቅ አይደለም፤ አንተ የምታውቀውንና ሌላውን የሚጠቅመውን ነገር ለራስህ ትርፍ ስትል እንዳያውቀው ከፈለግህ ግን ያ መደበቅ ነው፣ አለ።

እኔ ከባለሱቁ ጋር ጠቤ በጭሱ አይደለም። በገጠራችን የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል። ባለቤቲቱ መታጠኑን አትደብቅም፤ እንግዳው ሲቀምስ «እንዴት ያለ እጣን ነው!» ብሎ ያመሰግናታል። በከበሩ ድንጋዮችም ዓለም ሰው ያልነካው ጥቂት ነው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሩቢና ሳፋየር በእሳት ያለፈ ነው። ኤመራልድም ስንጥቁ እንዳይታይ ዘይት ይጠጣል። ይህ በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ለጌጣጌጥ ሻጮች ባወጣው መመሪያ እንዲነገር የሚጠይቀው በሦስት ምክንያት ነው፦ የተደረገው ለውጥ ዘላቂ ካልሆነ፣ ድንጋዩ የተለየ ጥንቃቄ እንዲሻ ካደረገው፣ ወይም በዋጋው ላይ ጉልህ ልዩነት ካመጣ። እንግዲህ ባለሱቃችንን በሦስተኛው እንመዝነው። «የታጠነ ነው» ብሎ ቢናገር ኖሮ በዚያ ዋጋ ይሸጠው ነበር? ካልሆነ ዝምታውን በብር ሸጦታል ማለት ነው።

«መች ጠየቁኝ?» የሚለውስ? ለመጠየቅ እኮ መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። ድንጋይ ጭስ እንደሚጠጣ በሕይወቷ ሰምታ የማታውቅ ሴት «ጭሷል ወይ?» ብላ እንዴት ትጠይቅ? ማር ሲገዛ ስኳር መቀላቀሉን፣ በርበሬ ሲገዛ የሸክላ ዱቄት መጨመሩን ሁላችንም እንጠይቃለን፤ ተቃጥለንበት ስለምናውቀው። የማናውቀውን ግን ሊነግረን የሚችለው የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው አለመጠየቁን ምክንያት ካደረገ፣ በገዢው አላዋቂነት ላይ ቆሞ ገዢውን መውቀሱ ነው።

ባልደረባዬ ቀለበቷን አልመለሰችም። ለእህቷ ልጅ ሰጠቻትና «ጥቁረቱ የጭስ ነው፤ ደግሞ ዕቃ ስታጥቢ አውልቂው» አለቻት። ልጅቱ «እንደ ወተት ዕቃ ታጥኗል በይኛ!» ብላ ሳቀችና አጠለቀችው። ከተነገራት በኋላ የሚያስከፋት ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ግን ሲሴሮ በዚያው መጽሐፉ ጥያቄውን ገልብጦ ያመጣዋል። አንድ ሰው ናስ መስሎት ወርቅ ቢሸጥልህ፣ ጥሩ ሰው ከሆንክ «ይሄ እኮ ወርቅ ነው» ትለዋለህ ወይስ የሺህ ዲናር ዕቃ በአንድ ዲናር ትወስዳለህ? ይህን ሳነብ መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ድንጋይ ትዝ አለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወሎ ሄጄ ነበር። የደላንታ ኦፓል ያለው ገደል ውስጥ ነው፤ ወጣቶቹ በቀጥ ያለው ገደል ላይ ጉድጓድ እየሠሩ ነው የሚያወጡት፣ አፈር የተናደበትም አለ። አንድ ልጅ በጨርቅ የጠቀለለውን ጥሬ ድንጋይ አሳየኝ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለው ስንት እንደሚያወጣ አይቼ አውቃለሁ። ልጁ የጠራው ዋጋ ግን ካሰብኩት እጅግ ያነሰ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ፊቴን ቅጭም አደረግሁ። ድንጋዩን አገላብጬ፣ ያልጣመኝ መስዬ፣ ዝም አልኩ። ልጁም ዝምታዬን አይቶ ከጠራው ላይ ቀነሰልኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ አመስግኖኝ ሄደ።

ቤት ስገባ ለጓደኞቼ በኩራት ነበር ያወራሁት። አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ልጁም ዋጋውን አልጠየቀኝም።