ሕመም ጥፋት ነውን?

ሰው የሚዳኘው በሆነው ነው ወይስ ባደረገው? ጥያቄው የቆየ ነው። ይሁን እንጂ በፍልስፍና ክፍል ተነስቶ እዚያው የሚቀር አይደለም፤ ኒውዮርክ ውስጥ በቤተሰብ ፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ይቀርባል። በአንድ ወገን የመንግሥት የልጆች ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ በሌላው ወገን የአእምሮ ሕመም ያለባት እናት፣ በመካከል ደግሞ የራሱ ጠበቃ የሚቆምለት ልጅ። የሰው አገር ሕግ ነው ብለን እንዳናልፈው፣ ነገሩ የሁላችንንም ኅሊና የሚፈትን ነው።

የዚያ ፍርድ ቤት ሕግ በአንቀጽ 1012 ላይ «ቸል የተባለ ልጅ» ማን እንደሆነ ሲፈታ ሁለት ነገሮችን አያይዞ ይጠይቃል። አንደኛው፣ የልጁ አካል፣ አእምሮ ወይም መንፈስ ተጎድቷል ወይም ለመጎዳት አፋፍ ላይ ደርሷል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ይህ የመጣው ወላጁ ዝቅተኛውን የጥንቃቄ ደረጃ ሳያሟላ በመቅረቱ ነው የሚለው ነው። የስቴቱ የበላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 የኒኮልሰን ጉዳይ በሚባለው ውሳኔው ይህን ሚዛን አጥብቆታል። ጉዳዩ ስለ አእምሮ ሕመም አልነበረም፤ በወንድ የተደበደቡ እናቶች ልጆቻቸው ድብደባውን አይተዋል ተብሎ ስለተወሰዱባቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ ያለው ባጭሩ ይህ ነው፦ አደጋው ቅርብ መሆን አለበት እንጂ «ሊሆን ይችላል» አይበቃም፤ የሚፈለገው ዝቅተኛው ጥንቃቄ ነው እንጂ ምርጡ አይደለም፤ ልጁን ከቤት ማውጣት ራሱ የሚያደርሰው ጉዳትም ይመዘን። የአእምሮ ሕመምን በሚመለከት ደግሞ የስቴቱ የይግባኝ ችሎቶች የሐኪም ምርመራ ውጤት ብቻውን በቂ አይደለም፣ ሕመሙ ከልጁ ጉዳት ወይም አደጋ ጋር የሚገናኝበት ክር መታየት አለበት ብለዋል።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት ስኪዞፍሬንያ አለባት እንበል። መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ሲብስባት እኅቷን ትጠራለች፤ ልጇ በልቶ፣ ታጥቦ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ሌላዪቱ ምንም ሕመም የለባትም፤ ልጇ ግን ሲርበው ጎረቤት ነው የሚያበላው። ከሁለቱ የማንኛዋ ልጅ ነው ቸል የተባለው? መልሱ ግልጽ ነው። ታዲያ የመጀመሪያዋን የምንጠረጥራት ለምንድነው? ባደረገችው ሳይሆን በስሟ ላይ በተለጠፈው ቃል ነው። ይህ ደግሞ ዳኝነት አይባልም፣ ፍርሃት ነው እንጂ።

ነገር ግን ተቃዋሚያችንም ዝም አይልም። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይለናል። እናትየው የምትሰማው ድምፅ «ምግቡ ተመርዟል» ቢላትና ልጇን ምግብ ብትከለክለውስ? ልጁ እስኪከሳ ልንጠብቅ ነው እንዴ? አይደለም። ሕጉም አይጠብቅም፤ የቀረበ አደጋን ከደረሰ ጉዳት እኩል ያያል። እዚህ ላይ ግን ክሩ ታይቷል፦ ድምፁ፣ ከድምፁ የመጣው ድርጊት፣ ከድርጊቱ የሚመጣው ረኃብ። ይህን ያየ ዳኛ «ታማሚ ናት» ብሎ ሳይሆን «ልጁ አልበላም» ብሎ ይፈርዳል። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። «አልበላም» የተባለን ነገር መመርመር፣ መቃወም፣ ማስተካከልም ይቻላል። «ታማሚ ናት» የተባለን ምን ብሎ መመለስ ይቻላል?

አስቸጋሪው ሌላ ነው። «አላመመኝም» የምትል እናት አለች። ሕክምና እምቢ ማለቷ በማስረጃነት ይቀርብባታል። ሕመምን መካድ ግን ብዙ ጊዜ የሕመሙ አንድ ክፍል ነው። እምቢታው ልጁን በምን መንገድ እንደሚጎዳ ካልታየ፣ ሴትዮዋ የተቀጣችው ራሷን ባለማወቋ ብቻ ይሆናል። ከታየ ደግሞ ልጁን መጠበቅ ግድ ነው፤ የእርሷ ንጽሕና የእርሱን ራት አይሆንም።

ወደ ዋናው ነጥባችን ደረስን። «ልጁ ጥበቃ ያስፈልገዋል» እና «እናቱ ጥፋተኛ ናት» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የኒውዮርክ ሕግ ስም ያወጣው ለልጁ ነው፤ «ቸል የተባለ» ይለዋል። የእናቲቱን ክፉ ሐሳብ አረጋግጡ አይልም። ሰው ግን እንደዚያ አይሰማውም። ቸል ማለት በእኛም አፍ ግድ የለሽነት ነው፣ አለመውደድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከራሷ አእምሮ ጋር ስትታገል ያደረች ሴት ግድ የላትም ሲባል፣ እውነት ያልሆነ ነገር ተፈረደባት ማለት ነው። ልጁም አድጎ ያንን ቃል ያነባል።

የጊዜም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የአሜሪካ ፌደራል ሕግ፣ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በመንግሥት እንክብካቤ ካሳለፈ፣ የተወሰኑ ልዩ ምክንያቶች ከሌሉ በስተቀር የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ክስ ይቅረብ ይላል። ለመብቱ መቋረጥ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወስኗል። ልጅ ዘላቂ ቤት ያሻዋል፤ ልክ ነው። ሕመም ግን የቀን መቁጠሪያ አያነብም። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ መያዝ ነው የሚከብደው።

ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 23 በወላጅ ጉዳት ምክንያት ብቻ ልጅ ከወላጁ እንዳይለይ ይከለክላል፤ የረጅም ጊዜ የአእምሮ ጉዳትንም ያጠቃልላል። መንግሥት ለወላጁ ተገቢውን እርዳታ እንዲሰጥም ያዛል። አሜሪካ በ2009 ፈርማ አላጸደቀችውም። እኛ ግን ጸድቋል ብለን አንኩራራ። በየመንደሩ «እብድ» የምትባል ሴት ልጇን ስታዝል አይተን «ማን አመናት!» የምንለው እኛው ነን። ያለ ፍርድ ቤት፣ ያለ ጠበቃ፣ በአንድ ቃል እንፈርድባታለን።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው። መጀመሪያ ድርጊቱ ይታይ፣ ቀጥሎም ክሩ። ከዚያ «ልጁን እንውሰድ ወይ?» ከማለት በፊት «ምን ብናግዛት ልጁ ይድናል?» ይባል። የምታበስልላት ዘመድ፣ መድኃኒቷን የምታስታውሳት ጎረቤት፣ በቅርብ የሚገኝ ሐኪም ቢኖራት ኖሮ «ዝቅተኛው ጥንቃቄ» የሚባለው ይሟላ ነበር ወይ? ይሟላ ከነበረ፣ ቸል ያለው ማን እንደሆነ ደግመን እንጠይቅ። ይህ ሁሉ ተሞክሮም አደጋው ካልራቀ፣ ልጁ ይወጣል፤ ይህን ለማለት አናፍርም። ሲወጣ ግን ከታመመች እናት ተወሰደ ይባል፣ ከክፉ እናት አይባል።