መስማትና መሰማት

ቀደም ባለው ዘመን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር፣ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ይታዘዝ ነበር። በሸንጎ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ አንዱ ሲናገር ያዳመጠው በተራው ይናገራል። የቴሌቪዥን ማሰራጫ ማማ የነጋሪቱ ወራሽ ሲሆን፣ ኢንተርኔት ለሸንጎው ይቀርባል። እንግዲህ ፈጣን ኢንተርኔትን በቴሌቪዥን ሞገድ ለየቤቱ የማድረስ ሐሳብ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለሰው ልጅ የሚገባው ድርሻ መስማት ብቻ ነውን? ወይስ መሰማትም ጭምር?

የማሰራጫው በጎነት አስቀድሞ ሊታወቅለት ይገባል። ከማማ የሚወጣ ሞገድ ለአንዱ አንቴና በመድረሱ ለሌላው አይጎድልም። በአሜሪካ የመጀመሪያው የዲጂታል ቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ባለ 6 ሜጋኸርዝ አንድ መስመር በሴኮንድ 19.39 ሜጋቢት ያስተላልፋል። ሺህ ቤተሰብ አንድን ትምህርት በአንድነት ቢከታተል፣ ለባለጸጋውም ለድኻውም የሚደርሰው ይኸው ሙሉ መጠን ነው። ነገር ግን ሺሁ ቤተሰብ እያንዳንዱ የየራሱን ገጽ በአንድ ጊዜ ቢፈልግ፣ ያው ሀብት ተሸንሽኖ ለእያንዳንዱ 19 ኪሎቢት ያህል ብቻ ይደርሰዋል። በጋራ የሚፈለገው ይትረፈረፋል፤ በግል የሚፈለገው ያንሳል።

ከዚህ የከፋው ችግር የምላሹ ነው። ማማው በታላቅ ኃይል ይናገራል፤ የየቤቱ ተራ አንቴና ግን ይቀበላል እንጂ አይልክም። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ ያዋለችው፣ አሜሪካም በዚያው ዓመት ለፈቃደኛ ጣቢያዎች የፈቀደችው ኤ ቲ ኤስ ሲ 3.0 የተባለው ሥርዓት በኢንተርኔት አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው። ሆኖም ተመልካቹ መልስ መስጠት ሲሻ፣ በተለመደው አሠራር ሌላ የኢንተርኔት መስመር ያስፈልገዋል። ሌላ መስመር የሌለው ሰው አድማጭ እንደ ሆነ ይቀራል።

ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ቤርቶልት ብሬኽት ይህንኑ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1932 ስለ ሬዲዮ አንሥቶ፣ መሣሪያው ከማከፋፈያነት ወደ መገናኛነት እንዲለወጥ ጠይቆ ነበር።

ምንም ከማጣት መስማት ይሻላል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። እውነትነት አለው፤ መጻሕፍት ለሌሉት የገጠር ትምህርት ቤት ከማማ የሚወርድ ቤተ መጻሕፍት ትልቅ ጸጋ ነው። ዳሩ ግን ከመጻሕፍቱ የትኞቹ እንደሚላኩ የሚመርጠው ማን ነው? አንድ ነገር የጋራ ፍላጎት መሆኑ የሚታወቀው ባለጉዳዮቹ ሲጠየቁ ነው። ያልተጠየቀ ሕዝብ የሚቀበለው የላኪውን ግምት ነው፤ ግምቱ ቅን ቢሆንም እንኳ ግምትነቱ አይቀርም።

ደግነቱ፣ ፍትሕ እዚህ ላይ የሚጠይቀው ዋጋ ከባድ አይደለም። መጽሐፉ ሰፊ መንገድ ቢሻም፣ መጽሐፉን የሚጠይቀው ቃል በጠባብ መንገድ ያልፋል። በኬንያ ናንዩኪ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2013 በተጀመረው ሥራ፣ ቴሌቪዥን ያልተጠቀመባቸው ሞገዶች በፀሐይ ኃይል በሚሠሩ ጣቢያዎች አማካይነት ለትምህርት ቤቶች ኢንተርኔት አድርሰዋል፤ መልእክቱም በሁለቱም አቅጣጫ ይመላለስ ነበር። ስለዚህ ሞገዱ በተፈጥሮው ለአንድ ወገን ንግግር ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ የሚወስነው የሰው ምርጫ ነው። በመሆኑም ማማ ሲተከል፣ ምን ያህል ሕዝብ ይሰማል ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን፣ የሰማው ሰው በምን መንገድ ይመልሳል የሚለውም ከመሠረቱ ጀምሮ በንድፉ ውስጥ ሊገባ ይገባል።