ፑሪም፦ ዕጣና አጋጣሚ ምን ያስተምሩናል?



ፑሪም ስሙን ያገኘው «ፑር» ከሚለው ቃል ነው፤ ትርጉሙም ዕጣ ማለት ነው። ክፉው ሃማን አይሁዶችን በአንድ ቀን ለማጥፋት አስቦ በኒሳን ወር ዕጣ አስጣለ፤ ዕጣውም በአዳር ወር ላይ ወጣ። ሊቃውንቶቻችን በታልሙድ እንደሚያስተምሩን ሃማን በዚህ እጅግ ተደሰተ፤ ነቢዩ ሙሴ የሞተው በአዳር 7 ነውና። ሙሴ የተወለደውም በአዳር 7 መሆኑን ግን አላወቀም። ግማሹን አውቆ ሙሉውን ያወቀ መሰለው።

በመጊላው ውስጥ አጋጣሚ የሚመስል ነገር ብዙ ነው። ንጉሡ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለው። የታሪክ መጽሐፍ ሲነበብለት የመርዶክዮስ ውለታ ተገኘ። ሃማን ደግሞ መርዶክዮስን ለማሰቀል ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ አደባባዩ መጥቶ ነበር። ንጉሡ «ላከብረው የምወደው ሰው ምን ይደረግለት?» ሲለው ስለ ራሱ የተነገረ መሰለው። ማንነቱን በሚገባ አውቃለሁ ያለ ሰው የጠላቱን ፈረስ እየሳበ በከተማው ዞረ።

አስቴርስ? ሀደሳና አስቴር የሚባሉ ሁለት ስሞች ነበሯት፤ ወገኗንም ሸሽጋ ኖረች። ልጆች በፑሪም ፊታቸውን መሸፈናቸው ይህን ያስታውሰናል። መርዶክዮስ እንኳ ንግሥት የሆነችው ለዚያ ክፉ ቀን መሆኑን በእርግጥ አልነገራትም፤ «ማን ያውቃል» ነው ያላት። እርሷም እርግጠኛ እስክትሆን አልጠበቀችም። ሕዝቡ ሦስት ቀን እንዲጾም አድርጋ ወደ ንጉሡ ገባች። አባቶቻችንም በኢትዮጵያ የአስቴርን ጾም ይጾሙ ነበር።

ይህ ጥያቄ በቤታችንም አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ያህል ወደ እስራኤል ገቡ። አንዱ ወንድም አውሮፕላን ሲሳፈር ሌላው ቀረ፤ አንዱ ታሞ፣ አንዱ መልእክቱ ዘግይቶበት። ብዙ ልጆችም በአንድ ቀን አዲስ የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው። «እኔ ለምን መጣሁ? እርሱ ለምን ቀረ? እኔስ ማን ነኝ?» የሚሉ ዛሬም አሉ።

እኛ የየሺቫ ተማሪዎች ለዚህ ፈጥነን መልስ መስጠት አይገባንም። «የመጣው ጻድቅ ስለሆነ ነው፣ የቀረው በኃጢአቱ ነው» የሚል ሰው ዕጣን እንደ ሃማን ያነባል። በመጊላው የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም፤ እጁ ግን በሥራው አለ። የእያንዳንዱ ነገር ምክንያት አልተሰጠንም። የተሰጠን ትእዛዝ ነው፦ መጊላውን በሌሊትና በቀን መስማት፣ ማዕድ ማዘጋጀት፣ ለወዳጅ ሁለት ዓይነት ምግብ መላክ፣ ቢያንስ ለሁለት ድሆች መስጠት። በፑሪም እጁን የዘረጋ ሁሉ ይሰጠዋል፤ «ይገባዋል ወይ?» ተብሎ አይመረመርም። ዛሬ ሰጪ የሆነ ነገ ተቀባይ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ ዘንድሮ በማዕድ ላይ የመጣችሁበትን ቀን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የቀሩትንም በስማቸው አንሷቸው፤ የቆየውን ስማችሁንም አስተምሯቸው።

መልካም የፑሪም በዓል! ሃግ ፑሪም ሳሜያህ!