ባዶዋ የእሑድ መስመር

ተቀመጡ። መጽሐፍ ቅዱስ የያዛችሁ፣ በስልክም የምታነብቡ፣ ዘፍጥረት ምዕራፍ 3ን ግለጡልኝ፤ ከቁጥር 8 እስከ 13። በልባችሁ አንብቡት፣ እኔ እጠብቃለሁ።

አያችሁ? የመጀመሪያው የሰው ውድቀት የመጣው በመብል ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ምግብ ልናገር ነው ስላችሁ "ፓስተር ርዕስ አጣ" እንዳትሉኝ።

ስንቶቻችሁ ናችሁ የምትበሉትን የምትመዘግቡበት አፕ ስልካችሁ ላይ ያላችሁ? እጃችሁን አውጡ፣ አይዟችሁ። ብዙ ናችሁ። ማይፊትነስፓል ያላችሁ አላችሁ፣ ሌላም አለ። እኔም አለኝ። ስኳር እንዳለብኝ ታውቃላችሁ፤ ጸልያችሁልኛል፣ ጌታ ይባርካችሁ። ሐኪሜ "የምትበላውን ሁሉ እየጻፍክ በሦስት ወር ይዘህልኝ ና" አለችኝ። ጻፍኩ። ጠዋት አጃ፣ ምሳ ሰላጣ፣ ማታ ግማሽ እንጀራ በምስር። ስልኬን ብቻ ላየ ሰው ዳንኤልንና ጓደኞቹን እመስል ነበር።

እሑድ ግን ባዶ ነው። ሰኞ አለ፣ ማክሰኞ አለ፣ ዓርብም አለ፤ እሑድ የለም። እሑድ እኛ ጋ ምን እንዳለ ደግሞ ታውቃላችሁ። ከአምልኮ በኋላ ወደ ታች እንወርዳለን፣ እህቶቻችን ሌሊቱን ሲሠሩ ያደሩት ዶሮ አለ። ከዚያ አንዱ ቤት ምርቃት፣ አንዱ ቤት የልጅ ልደት፣ አንዱ ቤት ለቅሶ።

መጀመሪያ ላይ ምክንያት ነበረኝ። አፑ በታሸገ ነገር ጎበዝ ነው፤ የብስኩቱን ባርኮድ ታሳዩታላችሁ፣ ወዲያው ይነግራችኋል። ስድስት ሆነን ከአንድ ትሪ የበላነውን ግን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ጉርሻ ስንት ግራም ነው? "እንጀራ" ብላችሁ ብትፈልጉ ሰው ሁሉ በየግምቱ ያስገባው ቁጥር ይመጣል፤ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። ወጡ ውስጥ የገባውን ቅቤስ ማን ለካው? አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ወደ 100 ካሎሪ አለው፣ ዘይት ወደ 120። የእኛ እናቶች ደግሞ በማንኪያ አይለኩም! ስለዚህ "በትክክል መጻፍ ካልቻልኩ ባልጽፈው ይሻላል" አልኩ። ታማኝነት ይመስላል፣ አይደል? ግን ቅዱሳን፣ ረቡዕ ማታ የባለቤቴን ምስር የምጽፈውም በግምት ነበር። ለምስሩ ያልከለከለኝ ግምት ለዶሮው ለምን ከለከለኝ?

ሦስት ወር ሞላ፣ ሄድኩ። ሐኪሟ ስልኬን ተቀብላ እያወረደች እያወረደች አየች። ከዚያ ቀና አለችና በፍጹም ቅንነት "እሑድ እሑድ ትጾማለህ?" አለችኝ። ፓስተር መሆኔን ታውቃለች። እኔ ምን ብዬ መለስኩ? ምንም። ፈገግ አልኩ። ያቺ ፈገግታ ውሸት ነበረች፤ አንዲት ቃል ሳልናገር የዋሸኋት ውሸት። በማግስቱ እሑድ እዚሁ ቆሜ ስለ እውነት ሰብኬላችኋለሁ። ታስታውሱ እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ አልረሳሁትም።

ቀጥሎ የደም ምርመራው መጣ። ኤዋንሲ የሚባለውን ስኳር ያለባችሁ ታውቁታላችሁ። ጣታችንን ወግተን የምንለካው የዚያችን ሰዓት ስኳር ብቻ ይነግረናል። ኤዋንሲ ግን ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ነው የሚያሳየው፤ ስኳሩ ቀዩ የደም ሴል ላይ ይጣበቅና ሴሉ ዕድሜውን እስኪጨርስ እዚያው ይቆያል። ከ6.5 ጀምሮ ስኳር በሽታ ነው ይላሉ። የእኔ 8.4 መጣ። እሑድ ብቻ ብትሆን ደግሞ ያን ያህል ባልወጣ፤ አንዴ ባዶ መተው ከለመዳችሁ ቅዳሜ ማታም ባዶ ይሆናል፣ ከሥራ ስመለስ መኪና ውስጥ የበላሁትም ባዶ ይሆናል። ስልኬ ሌላ ይላል፣ ደሜ ሌላ ይላል። እኔ ያልጻፍኩትን ደሜ ጽፎት ነበር።

አሁን ወደ ክፍላችን እንመለስ። አዳም በላ፤ ከበላ በኋላ ምን አደረገ? ተደበቀ። እግዚአብሔርም መጥቶ የት እንዳለ ጠየቀው። ጠፍቶበት ነው? ልጃችሁ መጋረጃ ኋላ ተደብቆ እግሩ እየታያችሁ "የት ሄደ ይሄ ልጅ?" ብላችሁ አታውቁም? ልጁ ራሱ እንዲወጣ ነው እንጂ እናንተማ እያያችሁት ነው። ስለ መብሉ ሲጠየቅ ደግሞ አዳም የሰጠውን መልስ እዩት፤ ሰጠችኝ ነው የሚለው፣ እሷንም ያመጣሃት አንተ ነህ ነው የሚለው። ቅዱሳን፣ ይህ በእኛ ቋንቋ "አጎረሱኝ" ማለት ነው! እኔም ባለቤቴ ስትጠይቀኝ "እምቢ ብላቸው ይቀየሙኛል፣ ምን ላድርግ?" እላት ነበር። የገዛ ሆዴን በእህቶቼ ፍቅር አሳበብኩ።

አንዳንዶቻችሁ "መብል ወደ እግዚአብሔር አያቀርብም፣ ጳውሎስ ተናግሮታል" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ጽድቄን በካሎሪ አልቆጥርም፤ 8.4ም ሆኜ ልጁ ነኝ። ልጁ በመሆኔም ነው ከመጋረጃው ኋላ መውጣት የምችለው። ቅጣት ብቻ የሚጠብቅ ሰው እንዴት ብሎ ይወጣል?

ደግሞ ችግራችሁ የተገላቢጦሽ የሆነባችሁ አላችሁ። ቁጥሩ ራሱ ጌታ ሆኖባችሁ፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ በልታችሁ ሌሊቱን ስታለቅሱ የምታድሩ። እናንተ አፑን አጥፉት፤ ለሐኪምም ተናገሩ። ከፕሮግራሙ በኋላ ባለቤቴ ጋ ሂዱ፣ ትሰማችኋለች።

ሌሎቻችን ግን ስሙኝ። አፕ አይወዳችሁም። ባዶ ብትተዉለት አያዝንም፤ ደወል ይልካል፣ ታጠፉታላችሁ፣ አለቀ። ያዕቆብ በምዕራፍ 5 አንዳችን ለሌላችን እንድንናዘዝ፣ አንዳችን ለሌላችን እንድንጸልይ ሲነግረን መዳንንም ከዚያው ጋር አያይዞታል። እኔ ከቤት ለቤት ኅብረታችን አንድ ወንድም ጠራሁ። ከእኔ በብዙ ያንሳል፣ ሌሊት ኡበር ይነዳል፣ እሱም ስኳር አለበት። የፈገግታዬን ነገር ነገርኩት። ከባድ ነበር፤ ፓስተር ለልጅ እንዲህ ሲል ቀላል አይደለም። ከዚያ የምጽፈውን እሱ እንዲያየው ስልኬ ላይ ከፈትኩለት። እሑድ ማታ መስመሯ ባዶ ከሆነች አንድ መልእክት ይልክልኛል፦ "ፓስተር፣ የት ጠፉ?" ይህችን ብቻ። ምን በሉ፣ ስንት በሉ አይለኝም።

የመጀመሪያዋን መልእክት ሳይ ተናድጄ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አነሣሁትና "ዶሮ፣ አንድ እንጀራ ተኩል፣ ጉርሻ አራት፣ ኬክ" ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። በዚያች ሌሊት ግን ደህና ተኛሁ። ወደ ሐኪሟም ተመልሼ እሑድ እንደማልጾም ነገርኳት፤ ሳቀች፣ መድኃኒቴንም አስተካከለችልኝ። ያለፈው ምርመራዬ 7.2 ነው። ገና ነኝ።

የእናንተ እሑድ የትኛዋ ቀን ናት? ሌሊት የምትሠሩ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከማሽኑ የምታወጡት ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ምናልባትም ምግብ አይደለም፤ ክሬዲት ካርድ ነው፣ ሁሉ ሰው ከተኛ በኋላ የምትከፍቱት ስልክ ነው። ዛሬ ከዚህ ሳትወጡ የአንድ ሰው ስም ያዙ። ሽማግሌ መሆን የለበትም፤ የሚወዳችሁና አፉን የሚጠብቅ ይሁን። እናንተ ታች የምታስተናግዱ እህቶች ደግሞ አንድ ልለምናችሁ፤ "በቃኝ" ያላችሁን ወንድም አትቀየሙት።

ዶሮ እንዳለ ሽታው እዚህ ድረስ ነግሮኛል። ወርጄ እበላለሁ። ያ ወንድም እዚያ ጋ ተቀምጧል፣ እየሳቀ ነው።

ተነሡ፣ እንጸልይ።