ለኳሹ ያልታወቀ እሳት

ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ የደንቆሮ ጫካ ይገኛል፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው ነው። በአስታውና በጓሳው መካከል ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ ውሃውም ወደ ዓባይ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ስፍራ በበጋ ቢቃጠል ዕዳው የማን ነው?

በሙሴ ሕግ፥ ያነሣው እሳት የባልንጀራውን እህል የፈጀበት ሰው ካሣ ይከፍላል (ዘጸ. ፳፪)። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065ም ለኳሹን በእስራት ይቀጣል። መልካም ነው። ነገር ግን ከሰል አክሳዩ ወይም ማር ቆራጩ ፍሙን ትቶ ከሄደ በኋላ ማን ይያዛል? ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ በሜዳ ሲገኝ ሽማግሌዎች ርቀቱን ለክተው የቅርቢቱ ከተማ ነገሩን እንድትሸከም ታዝዞ ነበር (ዘዳ. ፳፩)። ይኸውም በደለኛው ቢሰወር እንኳ ነገሩ ባለቤት እንዳያጣ ነው።

በእኛ ዘንድ ግን የቅርቡ ገበሬ ሥራውንም ወጪውንም ብቻውን ይሸከማል። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ሲነዱ የአገሩ ሰው በእጁ ባገኘው ሁሉ ታገለ፤ በመጨረሻም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤልም እሳት አጥፊዎች መጡ። እንግዳ ከባሕር ማዶ ሲደርስ፥ ከተራራው ውሃ የሚጠጣው የቆላ ሰው ምንም አለማዋጣቱ ፍትሕ አይመስለንም። ስለዚህ ሕጉ የአጥፊውን ስንቅ፥ የቆሰለውን መታከሚያና የባከነውን የሥራ ቀን ማን እንደሚከፍል እሳቱ ሳይነሣ ይወስን፤ ድርሻውም ከቀበሌ እስከ ክልል፥ ውሃውን እስከሚጠቀሙት ድረስ ይከፈል። በኅዳር ሣሩ ሳይደርቅ የእሳት ማገጃውን የሚጠርገውም ሰው ምንዳውን ያግኝ።